ኦኬ ማለት ሁልጊዜ እሺ ማለት አይደለም

አክስቴ ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ ከመጣች ገና ስድስት ወሯ ነበር። የደም ግፊቷን ለማሳየት ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ከመሥሪያ ቤት ስልክ ተደውሎልኝ ውጭ ቆየሁ። ስገባ ሐኪሟ ንግግሯን ልትጨርስ ነው። አክስቴ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ በየመሃሉ «ኦኬ… ኦኬ… ኦኬ» ትላለች። በመጨረሻ ሐኪሟ ፈገግ ብላ «ኦኬ?» አለቻት። «ኦኬ!» አለች አክስቴም። ተጨባብጠው ተለያዩ።

መኪና ውስጥ «ምን አለችሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እኔ ምን አውቄ? ብቻ ደግ ሴት ናት» አለችኝ።

ወረቀቱን ሳነበው፣ የድሮውን ክኒን ትታ በምትኩ አዲሱን እንድትጀምር ነው የታዘዘላት። እሷ ግን ሁለቱንም ልትውጥ አስባ ነበር።

በጣም ደነገጥኩ። ነገሩን ሳወጣ ሳወርደው ግን ጥፋተኛ አጣሁበት። አክስቴ አልዋሸችም። ሐኪሟም አላጣደፈቻትም። ሁለቱም አንዲት ቃል ተናገሩ፤ ትርጉሙ ግን ለየብቻ ነበር። አክስቴ «ኦኬ» ስትል በልቧ ያለው የአማርኛው «እሺ» ነው። ሰው ሲያወራን «እሺ… እሺ…» እንላለን። «እየሰማሁ ነው፤ ቀጥል» ማለታችን ነው። የሚያወራን ሐኪም ወይም ቄስ ሲሆን ደግሞ አክብሮትም አለበት። ሐኪሟ ዘንድ የደረሰው ግን «ገብቶኛል፤ እንዳልሽው አደርጋለሁ» የሚል መልስ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህችን ቃል እንደ ዋዛ ማለፍ አልቻልኩም። በአውቶቡስ፣ በሥራ ቦታ፣ በስልክ፣ ሰዎች «ኦኬ» ባሉ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። እንግሊዝኛ ስንማር «ኦኬ ማለት እሺ ማለት ነው» ተባልን፤ ተማርናት፤ አለፍናት። ቀላል ስለመሰለችን ተመልሰን አላየናትም።

የቃሏን ጠባይ ለመረዳት የልጅነት ደብተራችንን ላስታውሳችሁ። መምህራችን የቤት ሥራችንን አይቶ በቀይ እስክሪብቶ «ታይቷል» ብሎ ይፈርምበት ነበር። «ታይቷል» አሥር ከአሥር አይደለም። «ጎበዝ» ማለትም አይደለም። «አየሁት፤ የሚያስቆም ነገር አላገኘሁበትም፤ ቀጥል» ነው። ኦኬም እንዲሁ ናት። እንቅፋት እንደሌለ ትናገራለች። ለብቻዋ ስትቆም ሙገሳም ወቀሳም የለባትም። ሰውየው ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት፣ ተስማምቶ ይሁን ሰምቶ ብቻ፣ ያንን የምናውቀው ከድምፁ፣ ከፊቱና ቃሏ ከገባችበት ቦታ ነው።

ይህን ከያዝን የሚቀጥለው ሁሉ ይቀለናል።

ብዙዎቻችንን በጣም የምታሳስተን ስለ አንድ ነገር ጥራት ስንጠይቅ ነው። ለፈረንጅ የሥራ ባልደረባህ ዶሮ ወጥ ሠርተህ ወሰድክለት እንበል። «እንዴት ነው?» ስትለው «ኢትስ ኦኬ» አለህ። በአማርኛ ጆሮ «ጥሩ ነው» ያለ ይመስላል። አላለም። «ምንም አይልም» ነው ያለህ። እኛም እኮ አንድ ፊልም እንዴት እንደነበር ስንጠየቅ «ምንም አይልም» እንላለን። ለሌላ ሰው ግን ሂድና እየው አንልም። አለቃ «ሥራህ ኦኬ ነው» ሲልም ሰውዬው አመስግኖ ይወጣል፤ ቤቱ ሄዶም ለሚስቱ «ወደውልኛል» ይላል። አለቃው ግን ምናልባት «ያልፋል፤ ከዚህ የተሻለ ግን እፈልጋለሁ» ማለቱ ነው። የዓመት ግምገማ ላይ እንዲህ ያለ ቃል የሰማ ሰው «ምን ላሻሽል?» ብሎ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

አሁን ደግሞ ጥያቄውን እንቀይረው። መኪና ተጋጭቶ ልጅ ውስጡ ነበረች። እናት በስልክ «ልጄ ኦኬ ናት?» ትላለች። «ሺ ኢዝ ኦኬ» ይሏታል። እናት ከደስታ ብዛት ታለቅሳለች። ቃሏ ያችው ናት። ወጡ ላይ ስትወድቅ ቀዝቃዛ የነበረችው ቃል እዚህ ላይ የምሥራች ሆነች። ለምን?

ጥያቄው ስለ አደጋ ሲሆን «ችግር የለም» ከሚለው በላይ የምንፈልገው ነገር የለም። ጥያቄው ስለ ጣዕም ወይም ስለ ሙያ ሲሆን ግን «ችግር የለም» ይቀንሳል። የባለሙያዋ ተስፋ ከዚያ በላይ ነበራ። ኦኬ ራሷ አልተለወጠችም። የተለወጠው የጠያቂው ልብ የሚጠብቀው ነገር ነው። ይህን ልዩነት ያወቀ ሰው የቃሏን ግማሽ አውቋል እላለሁ።

ለነገሩ የእኛው «ደህና» እንደዚሁ ናት። «ልጁ በደህና ገባ» ሲባል ተመስገን እንላለን። «ሠርጉ እንዴት ነበር?» ተብሎ በቀዘቀዘ ድምፅ «ደህና ነው» ከተባለ ደግሞ አንድ ነገር ጎድሎ እንደነበር እንጠረጥራለን። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ኦኬን በ«እሺ» ከመተርጎም በ«ደህና» መተርጎም ይቀርባል።

ቀጥሎ ያለው ወጥመድ መስተንግዶ ነው። «ቡና ልቅዳልሽ?» ስትባል አሜሪካዊቷ «አይም ኦኬ» ትላለች። ቃል በቃል ከወሰድነው «እኔ ደህና ነኝ» ነው። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ሁለት ነገር ያስባል። ወይ እሺ ያለች ይመስለዋል፤ ወይ የይሉኝታ እምቢታ ይመስለዋል። ሁለቱም አይደለም። «አልፈልግም፤ አመሰግናለሁ» ማለቷ ነው። ያለ ቡናውም ምንም አልጎደለብኝም፣ በቃኝ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቋንቋው ብቻ ሳይሆን ባህሉም ይለያል። እኛ ቤት የመጀመሪያው «በቃኝ» አይቆጠርም። እንግዳው «ኧረ በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ባለቤቷ «በሞቴ! አንዲት ጉርሻ ብቻ!» ትላለች። ያኔ ነው ማዕዱ የሚጀምረው። «አይም ኦኬ» ላይ ግን ጨዋታው አልቋል። ጠያቂው ቡናውን ይዞ ይመለሳል። አዲስ የመጡ ሰዎች በዚህ ምክንያት ተርበው እንደሚውሉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በይሉኝታ አንድ ጊዜ «አይም ኦኬ» ይላሉ፣ ሁለተኛ የሚለምናቸው ይጠብቃሉ፣ የሚለምን የለም። ሰውየው ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ቃላቸውን አክብሮ ነው። የራበው ሰው «የስ፣ ፕሊስ» ቢል ማንም አይታዘበውም።

ኦኬ እንደ አጽናኝ ስትመጣ ደግሞ ደስ ትላለች። ሰው ተደናቅፎ ሲወድቅ «አር ዩ ኦኬ?» ይሉታል። እኛ «እኔን!» የምንለው ቦታ ላይ ነው። ልጅ ሲያለቅስ እናቱ አቅፋ «ኢትስ ኦኬ፣ ኢትስ ኦኬ» ትለዋለች። ይህ «አይዞህ፣ አይዞህ» ነው እንጂ «ጥሩ ነው» አይደለም። ይቅርታ ለጠየቀን ሰው «ኢትስ ኦኬ» ስንለው «ምንም አይደል» ማለታችን ነው። ለሐዘንተኛ «ብታለቅሺ ኦኬ ነው» ሲባል ደግሞ «ነውር የለውም፤ አልቅሺ፤ ይውጣልሽ» እንደማለት ነው። አንዲቷ ቃል እኔንን፣ አይዞህን፣ ምንም አይደልን እና ነውር የለውምን ተሸከመች። አማርኛ ለእያንዳንዱ የየራሱን ቃል ሰጥቷል። እኔ በዚህ ላይ አማርኛን አወድሰዋለሁ።

የኦኬ ተቃራኒ ግን ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። የእሺ ተቃራኒ እምቢ ነው። ኦኬ እንዲህ ያለ ጥንድ የላትም። «ኖት ኦኬ» ሲባል ለስላሳ ይመስላል። ነገር ግን የሥራ ባልደረባ ፊቱን አጥብቆ «ዛት ኢዝ ኖት ኦኬ» ካለ፣ «ይህ ነውር ነው፤ ሁለተኛ እንዳይደገም» ብሏል። ድምፁ ከፍ ስላላለ ብቻ ቀላል ነገር ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። በትምህርት ቤት፣ በሥራ ቦታ፣ በባልና ሚስት መካከልም ይህ ዐረፍተ ነገር ድንበር ማስመሪያ ነው።

ድምፅ ደግሞ የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። «ኦኬኤኤ…» ተብሎ ሲጎተት «እስቲ እንግዲህ፣ አላመንኩህም» ይሆናል። «ኦኬ ኦኬ!» ተብሎ በፍጥነት ሲደገም «በቃ ገባኝ፤ አትጨቅጭቀኝ» ነው። መምህር ክፍል ገብቶ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ «ኦኬ» ሲል ከማንም ጋር መስማማቱ አይደለም። «በሉ እንግዲህ፣ እንጀምር» ማለቱ ነው። በ2019 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የኒውዚላንድ ወጣት የምክር ቤት አባል ክሎዊ ስዋርብሪክ ስለ አየር ንብረት ስትናገር አንድ ሌላ አባል ጮኾ አቋረጣት። እሷም «ኦኬ ቡመር» ብላው ንግግሯን ቀጠለች፤ ቡመር የቀድሞው ትውልድ ሰው ማለት ነው። በእኛ አገር ወጣቶች «እሺ አባባ» ብለው አዛውንትን ሸኘት የሚያደርጉበት ዓይነት ነው። እሺ የሚለው ቃል አለበት፤ እሺታ ግን የለበትም።

የስልክ ንግግር አዘጋግ ላይ ኦኬ የምትሠራው ሥራም ሳይንስ ሆኖ ተጠንቷል። አማኑኤል ሸግሎፍና ሃርቪ ሳክስ የተባሉ የአሜሪካ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቃውንት በ1973 ሰዎች ወሬያቸውን እንዴት እንደሚዘጉ የሚተነትን ጽሑፍ አወጡ። ሰዎች በድንገት ቻው ብለው አይለያዩም። መጀመሪያ አንዱ «ኦኬ…» ይላል። ሌላውም «ኦኬ…» ይላል። ይህች ጥንድ «እኔ የምጨምረው የለኝም፤ አንተስ?» ማለት ናት። አዲስ ወሬ ያለው እዚያች ክፍተት ላይ ያነሳዋል። ከሌለው ይሰነባበታሉ። የእኛን «እሺ በቃ… እሺ… በይ እንግዲህ… እሺ… ቻው፣ ቻው» አስቡት። እናቴ በ«እሺ በቃ» እና በ«ቻው» መካከል ሩብ ሰዓት ታወራለች። ዋናው ወሬም ብዙውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚወጣው።

ወደ ትውልዷ ልግባ። ይህን ክፍል እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ቃሏ የተወለደችው ከቀልድ ነው።

በ1830ዎቹ መጨረሻ ቦስተን ከተማ ውስጥ አንድ ፋሽን ነበር። ጋዜጠኞች ሐረጎችን በመጀመሪያ ፊደላቸው ያሳጥሩ ነበር፤ እኛ ወይዘሮን «ወ/ሮ»፣ ጽሕፈት ቤትን «ጽ/ቤት» እንደምንለው። ቀልዱ ግን እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ሆነ ብለው ቃሉን እንደ ማይም አሳስተው ይጽፉታል። ከዚያ የተሳሳተውን ያሳጥሩታል። «ኦል ኮሬክት» ማለት ሁሉም ልክ ነው ማለት ነው። በትክክል ሲጻፍ በኤ እና በሲ ይጀምራል። እነሱ ግን እንደሚሰማው በኦ እና በኬ ጻፉት። ኦ እና ኬ ሲደመሩ ኦኬ። «ሁሉም ልክ ነው» የሚለው ሐረግ ራሱ ልክ አይደለም፤ የሚያስቀው እሱ ነው።

በማርች 23 ቀን 1839 ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት የተባለው ጋዜጣ ይህችን አጭር ቃል ከነትርጉሟ አተማት። አዘጋጁ ቻርልስ ጎርደን ግሪን ነበር። ጽሑፉ ትልቅ ቁም ነገር የለውም። የሌላ ከተማ ጋዜጣን የሚተርብ ነው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያሉ ብዙ ምህጻረ ቃላት ነበሩ። «ኦል ራይት»ን አሳስተው «ኦ.ደብሊው» ይሉ ነበር። «ኖ ዩዝ»ን ደግሞ «ኬ.ዋይ»። ሁሉም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሞቱ። ኦኬ ብቻ ተረፈች።

ያተረፋት ምርጫ ነው። በ1840 ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቢዩረን ለሁለተኛ ዙር ተወዳደረ። የተወለደው በኒውዮርክ ግዛት ኪንደርሁክ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ደጋፊዎቹ «ኦልድ ኪንደርሁክ» ይሉት ነበር፤ ሽማግሌው የኪንደርሁክ ሰው እንደማለት። የዚህም መነሻ ፊደላት ኦ እና ኬ ናቸው። ኒውዮርክ ውስጥ የኦኬ ክለብ ተመሠረተ። «ሰውየው ኦኬ ነው» ሲሉ ሁለት ነገር በአንድ ድንጋይ መቱ። ተቃዋሚዎችም ዝም አላሉም። ከእሱ በፊት የነበረው ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ፊደል ስለማያውቅ ሰነድ ላይ ኦኬ ብሎ ይፈርም ነበር የሚል ወሬ ነዙ። ከ1837ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ ስለነበርም፣ ኦኬ ማለት «አውት ኦፍ ካሽ» (ካሽ በኬ ተጽፎ)፣ ካሽ ያለቀበት ማለት ነው እያሉ ፊደሎቹን ገለበጡበት። ቫን ቢዩረን በዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ተሸነፈ። ቃሏ ግን ከቦስተን ወጥታ አገር ሁሉ አፍ ውስጥ ገባች።

የሚገርመው፣ ከዚያ በኋላ መነሻዋ ተረሳ። ሁሉም የእኔ ናት አለ። የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከቾክቶዎች ቋንቋ የመጣች ናት ያሉ ነበሩ። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ይህን አምኖ የሰነዶች ጠርዝ ላይ በቾክቶው አጻጻፍ ያሰፍራት ነበር። ግሪኮች ከእኛው «ኦላ ካላ» ናት ይላሉ፤ ሁሉ መልካም እንደማለት። ከምዕራብ አፍሪካው ከወሎፍ ቋንቋ በባርነት በተጋዙ ሰዎች አፍ ተሻገረች ያሉም አሉ። በመጨረሻ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው አለን ዎከር ሪድ የድሮ ጋዜጦችን አንድ በአንድ አገላብጦ በ1963 እና በ1964 ባወጣቸው ጽሑፎች የቦስተኑን ጋዜጣና የምርጫውን ታሪክ በማስረጃ አሳየ። ዛሬ የቋንቋ ሊቃውንት በአብዛኛው የሚቀበሉት የእሱን ነው። ወደ ኦክላሆማ ግዛት በሚላኩ ደብዳቤዎች አድራሻ ላይ የምናያት «ኦኬ» ግን ከዚህች ጋር ዝምድና የላትም። ኦክላሆማ የሚለው ስም ራሱ ቾክቶውኛ ነው፤ ቀይ ሕዝብ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ኦኬን ያሳደጓት ሥራዎች ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው። የቴሌግራፍ ሠራተኞች መልእክት ሲደርሳቸው ኦኬ ብለው ይመልሱ ነበር። መልእክቱ የሞት መርዶ ሊሆን ይችላል። ኦኬ የምትለው «ደርሶኛል» ብቻ ነው። ጸሐፊዎች ሰነድ መርምረው ዳር ላይ ይጽፏታል፤ «ታይቷል» እንደማለት። ውኃ ጠላቂዎች አውራ ጣትና ሌባ ጣታቸውን ገጥመው ክብ ሲሠሩ «ደህና ነኝ» ነው። አውራ ጣት ብቻ ከፍ ማድረግ ደግሞ «ወደ ላይ እንውጣ» ነው። ስለዚህ ውኃ ውስጥ ደህና ነኝ ለማለት አውራ ጣቱን ያሳየ ሰው ጓደኞቹን ይዟቸው ይወጣል። ያንኑ የጣት ክብ ብራዚል ውስጥ ማሳየት ደግሞ ስድብ ነው።

ኮምፒውተር ላይ የምንጫናት ኦኬም ታሪክ አላት። የአፕል ኩባንያ በ1983 ለገበያ ያቀረበውን ሊዛ የተባለ ኮምፒውተር ሲሠራ፣ ቁልፉ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው «ዱ ኢት» ነበር፤ አድርገው ማለት ነው። ሲሞከር አንዳንድ ሰዎች ሁለቱን ቃላት ገጥመው «ዶልት» ብለው አነበቡት። ዶልት በእንግሊዝኛ ጅል ማለት ነው። ማሽኑ የሰደባቸው መሰላቸው። ስለዚህ በኦኬ ተተካ። ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ሪያድ ያለ ሰው «ኦኬን ተጫን» ሲል ያችን ነው የሚጫነው። እሷም ብዙ ጊዜ «አንብቤያለሁ» ሳትሆን «እለፈው» ሆናለች። ሳናነብ ስንት ነገር ተጭነን አልፈናል!

በጽሑፍ መልእክት ደግሞ ድምፅ ስለሌለ አጻጻፉ ራሱ ድምፅ ሆኗል። «ኦኬ» ብሎ በነጥብ መዝጋት ለብዙ ወጣቶች ቁጣ ይመስላቸዋል። «ኬ» የምትል አንዲት ፊደል ብቻ መላክ ደግሞ ከሩቅ በር እንደመዝጋት ነው። ትልልቆቻችን ይህን አያውቁም። አባት ለልጁ በፍቅር «ኬ» ብሎ ይልካል፤ ልጅቷ ማታ ሙሉ «ምን አጠፋሁ?» ስትል ታድራለች። ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልመለስ። ኦኬ ሕግ ፊት ስትደርስ ቀላል አይደለችም።

አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ መኪና አስቁሞ «ውስጡን ባየው ኦኬ ነው?» ሊል ይችላል። ትሕትና ይመስላል። ጥያቄው ግን የሕግ ጥያቄ ነው። «ኦኬ» ያለ ሰው እንዲፈተሽ ፈቅዷል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 በሰጠው ውሳኔ፣ ፖሊሱ አስቀድሞ «እምቢ የማለት መብት አለህ» ብሎ የመንገር ግዴታ የለበትም ብሏል። ፈቃዱ በውድ የተሰጠ መሆኑ ብቻ ነው የሚታየው። የእኛ ሰው ፖሊስ ሲያናግረው በአክብሮት «ኦኬ፣ ኦኬ» ማለት ልማዱ ነው። «እየሰማሁዎት ነው» ማለቱ ነበር። የተመዘገበው ግን «ይፈትሹ» የሚል ነው።

ከውልም አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት አንድ የእህል ገዢ ድርጅት በ2021 ለገበሬ የተልባ ግዢ ውል ፎቶ አንስቶ በስልክ ላከለት። ገበሬው ወደ ላይ የተቀሰረች የአውራ ጣት ምልክት መለሰ። ተልባው ሳይቀርብ ቀረ፤ ዋጋውም ንሮ ነበር። ገበሬው «ውሉ ደርሶኛል ማለቴ ነው» አለ። ድርጅቱ «ተስማምቷል» አለ። ልክ እንደ አክስቴና እንደ ሐኪሟ። ዳኛው ያለፈውን ልማዳቸውን አየ። ገበሬው ከዚህ በፊት በተላኩለት ውሎች ላይ «ኦኬ» እና መሰል አጫጭር ቃላት ብቻ መልሶ እህሉን ያቀርብ ነበር። ስለዚህ በ2023 የአውራ ጣቷ ምልክት ፊርማ ሆና ተቆጠረች። ገበሬው ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት።

ሕክምና ላይ ግን መፍትሔ አለ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው በግልጽ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታልና ክሊኒክ፣ እንግሊዝኛ በደንብ ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። አስተርጓሚው በአካል ሊሆን ይችላል፤ በስልክ ወይም በቪዲዮም ይሆናል። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ማለት ይበቃል። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ሕፃን ልጅን ማስተርጎም አይገባም። የአሥር ዓመት ልጅ የአያቱን በሽታ በትከሻው መሸከም የለበትም።

ጎበዝ ሐኪሞችና ነርሶች ደግሞ በኦኬ አይረኩም። «ኦኬ?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ «ቤት ስትደርሺ መድኃኒቱን እንዴት እንደምትወስጂ እስቲ ንገሪኝ» ይላሉ። ታካሚዋ በራሷ አንደበት ስትመልስ የገባትና ያልገባት ይለያል። ሐኪሙ ይህን ካልጠየቀ ራሳችን ማድረግ እንችላለን። «እስቲ የገባኝን ልድገምልዎት» ብሎ መጀመር ነው። እኔ ወላጆችን ይዤ ስሄድ ሁልጊዜ እንዲህ አደርጋለሁ። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ባለፈው ወር አክስቴን ለክትትል ወሰድኳት። በዚህ ጊዜ አብሬያት ገባሁ። አስተርጓሚዋ በስልክ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበረች። ሐኪሟ ስለ ጨው፣ ስለ እግር ጉዞ፣ ስለ ሁለት ዓይነት ክኒን ረዘም አድርጋ አስረዳች። አስተርጓሚዋ በአማርኛ ስትመልሰው አክስቴ እንደ ልማዷ «እሺ… እሺ… እሺ» አለች። አስተርጓሚዋም በእንግሊዝኛ «ኦኬ» ብላ ልታስተላልፍላት ጀመረች። አክስቴ እጇን አነሳች።

«ቆይ የኔ ልጅ፣ እንዳትነግሪያት» አለች። «ገና እየሰማሁ ነው።»